በቀኝ ቲታኒየም፣ በግራ ብረት

ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከቲታኒየም ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልቀየማችሁም። አማቴም ይህንኑ ጠይቀውኛል። ልዩነቱ እርሳቸው ሲጠይቁኝ ከሻሻቸው እስከ ጉልበታቸው ማር በማር ሆነው፣ ከማይነጋገሩት ሰው ጋር ተጣብቀው ነበር። እናንተ ደረቅ ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ ስለምታነቡ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የገበያ ቀን ነበር። ከኋላ ሁለት ሴቶችና አንድ ዲያቆን፣ በእግራቸው መሐል ደግሞ ማሽላ በማዳበሪያ ጭኜ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ስወርድ በቀኝ በኩል “ቋ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ዲያቆኑ “ማሽላው ነው” አለ። ማሽላ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ ስለማላውቅ አቆምኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀኙ ሞላ ለሁለት ተሰብሯል። ሞላ ማለት፣ ባጃጅ ውስጥ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ግንኙነት ለሌላችሁ፣ ከጎማው በላይ ተጠምጥሞ የሚቀመጠው ብረት ነው። መንገዱ ወደ ላይ ሲወረውረን የሚያወርደን፣ ሲያወርደን ደግሞ የሚያነሳን እርሱ ነው። እርሱ ከሌለ መንገዱ ከሰውዬው አከርካሪ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል።

ደሴ የሚባል ወዳጄ ጋራዥ አለው። የተሰበረውን ሞላ በእጁ እያገላበጠ፣ “ዝገት ከውስጥ በልቶታል” አለኝ። “ከወልዲያ አስመጣልሃለሁ።” ከወልዲያ በአውቶቡስ መጣ። የመጣው ግን የሌላ ዓይነት ባጃጅ ሞላ ነበር። እንዲመለስ ተደረገና ሌላ መጣ፤ እርሱ ደግሞ የሞተር ሳይክል ሆነ። በሦስተኛው ደሴ ራሱ ተስፋ ቆረጠ፤ እኔም ባጃጄን በር ላይ አቁሜ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር እያየኋት እውል ጀመር። ዶሮዎቹ የኋላ ወንበሯን ወደዱት። አንዷ እንቁላል ጣለችበት።

በዚህ ጊዜ ነው በላይ ትዝ ያለኝ። በላይ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ባሕር ማዶ ሞላ የሚጠቀልል ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ለዓመታት ምን እንደሚሠራ ሲነግረን “ሞላ እጠቀልላለሁ” ሲል፣ ዘመዱ ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት ምግብ የሚያወራ ይመስለው ነበር። ደወልኩለትና ችግሬን ነገርኩት።

“ቁመቱን፣ ውፍረቱንና የዙሩን ብዛት ላክልኝ” አለ።

ከልብስ ሰፊው ሜትር ተውሼ የጤነኛውን የግራ ሞላ ልክ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ለካሁና ላክሁለት። ከጊዜ በኋላ በላይ መልሶ ደወለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት አለበት።

“በብረት አልሠራሁልህም” አለኝ። “የተረፈ የቲታኒየም ዘንግ ነበረን፤ አለቃዬን ለምኜ በእርሱ ጠቀለልኩልህ። አውሮፕላን ላይ የሚገባ ነገር ነው። ዝገት የሚባል አያውቀውም። ክብደቱ ከብረቱ በጣም ያንሳል። ግን…”

“ግን” ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም ከ“ግን” በኋላ ምን እንደሚመጣ ለመስማት መልሼ አልደወልኩም። አውሮፕላን የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሌላ ቃል ቦታ አልተረፈም ነበር።

ሞላው በመንገደኛ እጅ ደረሰኝ። ከጨርቁ ስፈታው መጀመሪያ ያሰብኩት መንገደኛው ውስጡን ቦርቡሮ ወስዶታል ብዬ ነው፤ ቀልሏላ። በአንድ እጄ እርሱን፣ በሌላው የተሰበረውን ብረት ይዤ ከተማውን አቋርጬ ደሴ ጋ ስሄድ፣ በብረቱ በኩል ያለው ትከሻዬ ወደ ታች ወርዶ ነበር።

ደሴ ነገሩን ተቀብሎ መጀመሪያ ያደረገው ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ማግኔት አምጥቶ ማስጠጋት ነው። ማግኔቱ ሞላውን አላወቀውም። ደሴ ማግኔቱን በብረቱ ላይ አደረገው፤ ጥብቅ አለ። ወደ ቲታኒየሙ መለሰው፤ ወደቀ።

“ብረት አይደለም” አለ ደሴ።

“ብረት ነው አላልኩህም። ቲታኒየም ነው።”

“ማግኔት ያልወደደውን እኔ ምን ብዬ እወደዋለሁ?”

ከዚያ ጫፉን ወደሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ አስጠጋው። ብረት ሲነካ ቀይና ብጫ ፍንጣሪ የሚረጨው ድንጋይ፣ ቲታኒየሙ ሲነካው ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ረጨ። ጋራዡ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ወደ ኋላ አሉ። አንዲት እናት አማተቡ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ጉዳዩ የእኔና የደሴ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ፈተናው ከፋ። ሁለቱን ሞላዎች፣ ጤነኛውን የግራ ብረትና አዲሱን ቲታኒየም፣ ጎን ለጎን መሬት ላይ አቁመን፣ በየራሳቸው ላይ ጣውላ አስቀመጥን። ደሴና እኔ በክብደት ተቀራራቢ ነን፤ እርሱ አይስማማም እንጂ። ደሴ ብረቱ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ቲታኒየሙ ላይ። ደሴ ጥቂት ዝቅ አለና ቆመ። እኔ ዝቅ አልኩ፣ አሁንም ዝቅ አልኩ፤ የማቆም ሐሳብ ያለኝ አልመስልም ነበር። በመጨረሻ ስረጋ ደሴን የማየው ቀና ብዬ ነው።

“አየህ” አለ ደሴ ከላይ። “ደካማ ነው።”

“ምቹ ነው” አልኩ ከታች።

“ሞላ የሚያሰምጥህ ከሆነ ሞላ ሳይሆን ረግረግ ነው።”

“ሲመለስ እየው እንጂ” ብዬ ድንገት ተነሳሁ። ቲታኒየሙ ጣውላውን ወርውሮ ከደሴ የሻይ ብርጭቆ ጋር አገናኘው። ወደ ቁመቱ ግን አንድ ፀጉር ሳይጎድል ተመለሰ። ይህን እያሳየሁ ሳለ ነው ተመልካቹ ለሁለት የተከፈለው። ገሚሱ ተሽከርካሪ የሚፈልገው የማይንበረከክ ነገር ነው አለ። ገሚሱ ደግሞ ወገቡን እያሸ ቲታኒየሙን ደገፈ። ደሴ እያጉረመረመ ሞላውን በቀኝ በኩል ገጠመልኝ፤ የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ቀድሞ ሞቶ ስለነበር እንዲያው ለወጉ ያህል አብሮ አሰረው።

ባጃጇ ከጋራዡ ስትወጣ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነበር። ባዶዋን ትንሽ ነው፤ እንግዳ የሚሰማ ሰው ትመስል ነበር። ሰው ሲጫን ግን ዘንበሏ በዛ። አንድ ትራፊክ አስቁሞኝ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ አጋድሞ አያት፣ ከዚያ አቃናና እንደገና አያት።

“ምን ሆናለች?” አለኝ።

“አዲስ ሞላ ገብቶላት ነው።”

“አሮጌው የቱ ነው?”

“ቀጥ ያለው።”

ይህን ለመመዝገብ የሚሆን የጥፋት ዓይነት ስላላገኘ ይመስለኛል፣ በዝግታ እንድነዳ መክሮ ለቀቀኝ።

እኔ ግን ልቤ አብጧል። በባጃጇ የቀኝ ጎን ላይ በቀለም “ቲታኒየም”፣ በግራው ላይ “ብረት” ብዬ አጻፍኩ። አንዳንዶች የልጆቼ ስም መሰላቸውና “ብረት ስንት ዓመቱ ነው?” እያሉ ጠየቁኝ። የለመዱት ተሳፋሪዎች ግን ወንበር መምረጥ ጀመሩ። ወገባቸውን የሚያማቸው ቲታኒየም በኩል ካልሆነ አንሳፈርም አሉ። ወጣቶቹ በቲታኒየም በኩል ተቀምጠው መንገዱ ሲጎረብጥ ይስቁ ነበር፤ በብረት በኩል ያለው ጓደኛቸው ጥርሱን እየገጨ ያያቸዋል። ችግሩ በብረት በኩል የተቀመጠ ሰው እዚያው አይቆይም። የወንበሩ ሽፋን የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ነው፤ ባጃጇ ወደ ቀኝ ስታጋድል በግራ የተሳፈረ በቀኝ በተሳፈረው ላይ ነው የሚወርደው። በዚህ ምክንያት የተዋወቁ ሰዎች አሉ። የተጣሉም አሉ። እኔ ሁሉንም የቲታኒየም ውለታ አድርጌ ቆጠርኩት።

እንግዲህ አማቴ እዚህ ላይ ይገባሉ። እማማ ጥሩ ይባላሉ። ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው ዳገት ላይ ባለች መንደር ነው የሚኖሩት፤ ቁመናቸው ሙሉ፣ ቃላቸው ደግሞ ከቁመናቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። የሚስቴ ታናሽ እህት ለምለም ልታገባ ነው። የምታገባው ደግሞ የጎረቤታቸውን የመሪጌታ ክንፈን ልጅ ነው። መሪጌታ ቀጭን፣ እንደያዙት መቋሚያ ቀጥ ያሉ የድጓ መምህር ናቸው። እማማ ጥሩና መሪጌታ ግን አይነጋገሩም። አንድ የንብ መንጋ ከእማማ ጥሩ ቀፎ ተነስቶ የመሪጌታ ግቢ ውስጥ ካለው ቀፎ ገባ፤ እርሳቸው “ንቦቼ ይመለሱ” አሉ፣ መሪጌታ “በእግዚአብሔር ፈቃድ መጡ” አሉ፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው የተባለ ነገር የለም። ልጆቹ የተዋደዱት ይህን ዝምታ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ነው። ሁለቱ ካልታረቁ ሠርግ የለም። ሽማግሌዎች ቀን ቆረጡ፤ እርቁ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዋርካው ሥር ሊሆን ነው።

በዚያው ሳምንት እማማ ጥሩ ጉልበታቸውን ለመታየት እኛ ቤት ሰቆጣ ሰንብተዋል፤ መሪጌታም በጉዳይ ከተማ ወርደዋል። ባለቤቴ ለዝግጅቱ ቀድማ መንደር ስለሄደች፣ እናቷን በሰዓቱ የማድረስ ኃላፊነት የእኔ ነበር። “እማዬን ብቻ አድርስልኝ፣ ሌላ ምንም አትሥራ” ብላኛለች። የእርቁ ዕለት ጠዋት አማቴን በባጃጄ ጭኜ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ መኪኖቹ ሁሉ በገበያተኛ ሞልተዋል። መሪጌታ በፊታቸው ነጭ ባልዲ አስቀምጠው ቆመው መኪና ይለምናሉ።

ሁለቱን በአንድ ባጃጅ መጫን ብልህነት እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን አንዱ ከቀረ እርቁ አይሆንም፤ እርቁ ካልሆነ ደግሞ የለምለም ልቅሶ እኛ ቤት ነው የሚደርሰው።

“መሪጌታ፣ ይግቡ” አልኩ።

መሪጌታ ውስጥ ያሉትን አዩ። “ማን አለ?” አሉኝ፣ እያዩ።

“አማቴ ናቸው።”

“ካሉ ይኑሩ” ብለው ባልዲያቸውን አቅፈው በቲታኒየም በኩል ገቡ።

ከከተማ ሳንወጣ ችግሩ ተጀመረ። እማማ ጥሩ በብረት በኩል ነበሩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ባጃጇ ወደ ቀኝ አጋደለች፤ እማማ ጥሩ ቀስ ብለው፣ ክብራቸውን እንደጠበቁ፣ እየተንሸራተቱ ሄደው በመሪጌታ ጎን ላይ አረፉ። ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ እንደገና ሄዱ።

“አንተ” አሉኝ መሪጌታ በታፈነ ድምፅ። “ለሴትዮዋ ጠጋ ይበሉልኝ በላቸው።”

“እማማ፣ መሪጌታ ጠጋ ይበሉልኝ እያሉ ነው።”

“የት ልጠጋ? ለሰውዬው ንገራቸው፤ እኔ ነኝ ወይ የምሄደው? ባጃጅህ ነው የሚወስደኝ።”

“መሪጌታ፣ ባጃጁ ነው የሚወስደኝ እያሉ ነው።”

“ሰማሁ” አሉ መሪጌታ። “ለመስማትማ አሁን ከዚህ በላይ ልቀርብ አልችልም።”

ዳገቱ ሥር አቁሜ ቦታ አለዋወጥኳቸው። ይህ የእኔ የመጀመሪያው የምህንድስና ሥራ ነበር። እማማ ጥሩ በቲታኒየም በኩል ሲቀመጡ ሞላው እስከ መጨረሻው ሰመጠ። አሁን ደግሞ መሪጌታ ናቸው የሚወርዱት። እርሳቸው ቀላል ስለሆኑ አይንሸራተቱም፤ ይበራሉ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ባልዲያቸውን እንዳቀፉ ተነስተው እማማ ጥሩ ጭን አጠገብ ያርፋሉ። በመንገዱ ዳር በእግራቸው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ሰላምታ ለመስጠት ጎንበስ እያሉ መሪጌታን በዚህ ሁኔታ አዩዋቸው። መሪጌታ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

“ለሰውዬው ንገር” አሉ እማማ ጥሩ። “ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይቺን ታህል ያከብሩ መስሎኝ ነበር።”

መሪጌታ ይህን መልእክት በአማርኛ አልመለሱም። በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ መለሱ፤ ስድብ ነው መሰለኝ፣ ለእኔ። ኽምጣኛዬ ከገበያ የማያልፍ ስለሆነ ሰላምታና ዋጋ ብቻ ነው የማውቀው፤ የተባለው ከሁለቱም አልነበረም። እማማ ጥሩም በኽምጣኛ አጸኑት። የመጀመሪያ ስምምነታቸው ይህ ይመስለኛል።

ከዳገቱ አናት ስንደርስ ኔትወርክ መጣና ስልኬ ጮኸ። የበላይ የድምፅ መልእክት ነበር። ስልኩ ከፊቴ ማስቀመጫ ላይ ነው፤ አንድ እጄ መሪው ላይ እንዳለ በሌላው ነካሁት፤ የበላይ ድምፅ ባጃጇን ሞላው።

“ስማ፣ ያን ጊዜ ሳልነግርህ ተቋረጠብን” አለ በላይ። “ቲታኒየም ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ልኩ ከብረቱ ጋር አንድ ከሆነ፣ በዚያው ጭነት የብረቱን እጥፍ ገደማ ነው የሚሰምጠው። ከብረቱ እኩል እንዲገፋ ከፈለግን ዙሩን መቀነስ ነበረብኝ። እኔ በላክህልኝ ልክ ነው የሠራሁት። ስለዚህ በአንድ ጎን ብረት፣ በሌላው ቲታኒየም እንዳታደርግ። ጓደኛውን ሠርቼ እስክልክልህ ቤት አስቀምጠው። ሰው ደግሞ በጭራሽ እንዳትጭንበት።”



“ምንድን ነው የሚለው ልጁ?” አሉ መሪጌታ።

“ሰው እንዳትጭንበት ነው የሚለው” አሉ እማማ ጥሩ።

“እኛስ ታዲያ ምንድን ነን?”

“እርሱ ዘንድ ማሽላ ነን።”

ይህን ተባባሉና ሁለቱም ደነገጡ። እኔን ሳያማክሉ መነጋገራቸው ገባቸው። እማማ ጥሩ ወደ ቀኝ፣ መሪጌታ ወደ ግራ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን እንደተጣበቀ ነበር፤ በዚያ ጉዳይ ላይ ባጃጇ ምርጫ አልሰጠቻቸውም።

ፊታቸውን እንዳዞሩ የቆዩት ባልዲው እስኪሸት ድረስ ብቻ ነው። እማማ ጥሩ አፍንጫቸው ጥሩ ነው።

“ለሰውዬው ንገር። ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?”

“ማር ነው” አሉ መሪጌታ እኔን ሳይጠብቁ። “ለሽማግሌዎቹ ይዤ የምሄደው።”

“የየትኛው ቀፎ?”

መሪጌታ ባልዲውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ። እማማ ጥሩ ወደ እርሳቸው ዞሩ። “የንቦቼን ማር ነው ለእርቄ የሚያመጡልኝ?”

“የቀፎዬን ማር።”

“ቀፎ ማር ይሠራል እንዴ?”

መልሱን ልሰማ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልሁ፤ ከጆሮዬም ጋር ዓይኔ ሄደ። መንገዱን የሚያቋርጠውን የጎርፍ ቦይ ያየሁት የፊት ጎማዬ ከገባበት በኋላ ነው። ከዚያ የኋላዎቹ ገቡ። የግራው ብረት ጥቂት ወርዶ፣ ገጭቶ፣ ተመለሰ። እንደ ልማዱ ሥራውን ጨረሰ። ቲታኒየሙ ግን ወረደ፣ ወረደ፣ የወረደውንም ሁሉ በአንድ ጊዜ መለሰ። የበላይ ፋብሪካ ሥራ እንከን የለውም። እማማ ጥሩ ተነሱ። መሪጌታ ተነሱ። ባልዲው ከሁለቱም በላይ ተነስቶ ከሸራው ጣሪያ ጋር ተጋጨና ክዳኑ ተከፈተ፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ ወረዱ። መጨረሻ የወረደው ማሩ ነው።

የዋግ ነጭ ማር ወፍራም ነው፤ አይቸኩልም። ከእማማ ጥሩ ሻሽና ከመሪጌታ ጥምጥም ጀምሮ ወደ ታች እኩል ሄደ። እዚህ ላይ ነው ያ ጥያቄ የመጣው።

“ባጃጅ ነጂ ከቲታኒየም ጋር ምን አገናኘው?” አሉኝ እማማ ጥሩ በረጋ ድምፅ። ነዳሁ። መንደሩ ቅርብ ነበር፤ ውሃም እዚያ አለ።

ያላሰብኩት ንቦቹን ነው። በዚያ መንደር ቀፎ የሌለው ግቢ የለም። መጀመሪያ አንዲት መጣች፤ ከዚያ ዘመዶቿን ይዛ ተመለሰች።

“ንቦቼ ናቸው” አሉ እማማ ጥሩ ሳይንቀሳቀሱ። “አወቁኝ።”

“ካወቁዎትማ ለምን ይነድፉዎታል?” አሉ መሪጌታ።

“እርስዎ ቤት ሰንብተው ጠባያቸው ተበላሽቶ ነው።”

መሪጌታን ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ አፋቸውን ስለከፈተ አንዷ ከንፈራቸው ላይ ነደፈቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ቃላቸው ትንሽ ወፈረ። እማማ ጥሩ በነጠላቸው ጫፍ የራሳቸውንም የእርሳቸውንም ፊት ሸፈኑ። ነጠላው ከሁለቱም ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የደረስነው እንዲህ ሆነን ነው። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። አባ ወልዴ የሚባሉት የሁሉ ታላቅ ዓይናቸውን አጥብበው አዩን፤ ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች በአንድ ነጠላ ተሸፍነው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ባንድ ድምፅ እኔን ሲሰድቡ።

“ታርቃችኋል እንዴ?” አሉ አባ ወልዴ።

“ከማን ጋር?” አሉ ሁለቱም።

ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ በባጃጇ ጎን የተጻፈውን አነበበች።  ውሃ አምጥታ አጠበቻቸው።

ሸንጎው ተቀመጠ። በአካባቢያችን እርቅ ሲሆን በዳይ የተባለው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይለምናል። ድንጋዩ ተዘጋጅቶ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ለሁለት እልኸኛ ሰዎች ክብር ሲባል ጥሩ አድርገው የመረጡት ድንጋይ ነበር። አባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“በዳይ ማን እንደሆነ ዛሬ ይለያል” አሉ። “እማማ ጥሩ፣ በዳይ ማን ነው ይላሉ?”

እማማ ጥሩ እጃቸውን አንስተው ወደ እኔ አመለከቱ።

“መሪጌታስ?”

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ እኔ አመለከቱ። “እርሳቸው ልክ ናቸው” አሉ። ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ለምለም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“እኔ የንቡ ጉዳይ ውስጥ የለሁበትም” አልኩ።

“ዝም በል” አሉ አማቴ። “የሚጠየቁት መሪጌታ ናቸው።”

ሽማግሌዎቹ ክሱ እንግዳ ስለሆነባቸው ማስረጃ ማየት ፈለጉ። ወደ ባጃጇ ሄዱ። አባ ወልዴ በብረት በኩል ተቀመጡ፤ ሁለት ጎልማሶች ባጃጇን ወዘወዙላቸው። ቀጥሎ በቲታኒየም በኩል ተቀመጡ፤ ተወዘወዘላቸው። እዚያ ትንሽ ዘገዩ። ሌሎቹም በየተራ ገቡ። አንደኛው ሽማግሌ ብረቱ ይሻላል፣ ሰውየው የት እንዳለ ያውቃል አሉ። ሌላው ቲታኒየሙ ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የበቅሎ ግልቢያቸውን አስታወሳቸውና አልወርድም አሉ። ከእኔና ከደሴ የበለጠ አጥብቀው መረመሩት። ሲመለሱ አባ ወልዴ ፍርዱን ተናገሩ።

“ብረቱ አላጠፋም። ያኛውም አላጠፋም። ሁለቱም ለብቻቸው ደህና ናቸው። ጥፋቱ ሳይመዝን አንድ ላይ ያሰራቸው ሰው ነው። ድንጋዩን አንሣ።”

አነሳሁ። ጎንበስ ብዬ አማቴና መሪጌታ ፊት ቆምኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ልማዱ ወዲያው “ይቅር ለእግዚአብሔር” ብለው ድንጋዩን እንዲያወርዱልኝ ነው።

“ትንሽ ይቆይበት” አሉ መሪጌታ።

“ይቆይበት” አሉ እማማ ጥሩ።

እኔ በቆምኩበት እነርሱ ተቀመጡ። ከድንጋዩ በታች ሆኜ የምሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው። መሪጌታ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቋቸው። እማማ ጥሩ ከንፈራቸው እንዳበጠ ነገሯቸው። ከዚያ እንዲያው በጨዋታ መሐል ንቦቹ ተነሱ። መሪጌታ “ቀፎው ለሙሽሮቹ ይሁን” አሉ። እማማ ጥሩ ጥቂት አሰቡና “እኔም ባዶውን ቀፎዬን እጨምርላቸዋለሁ፤ ንቦቹ ሲበዙ ይሄዱበታል” አሉ። የዓመታት ነገር እንዲህ አለቀ። እልልታ ሲቀልጥ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሲተቃቀፉ እግራቸውን አየሁ። በጠቅላላው ደስታ ውስጥ ድንጋዩን ማን እንደሚያወርድልኝ የሚያስታውስ ጠፋ፤ በመጨረሻ ባለቤቴ መጥታ አወረደችልኝ።

“እማዬን ብቻ አድርስልኝ ነበር ያልኩህ” አለችኝ።

“አደረስኳቸው።”

አንገቴን በማር እጇ አሸት አሸት አደረገችልኝና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

መሸት ብሏል። የመሪጌታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ይላል፤ የእማማ ጥሩም ከዚያው ጎን ነው። ሁለቱንም ላድርሳችሁ ብዬ ባጃጇን አስነሳሁና አቀረብኩ። በየትኛው በኩል እንደሚቀመጡ ራሳቸው ይምረጡ አልኩ።

ተያዩ።

“በእግራችን እንሄዳለን” አሉ እማማ ጥሩ። ጉልበታቸውን ታከሙ የተባሉት እርሳቸው ናቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ሰጧቸው፤ እርሳቸውም ተደግፈው አብረው መንገዱን ጀመሩ። እኔ ባዶ ባጃጄን እየነዳሁ፣ ቢደክማቸው ላነሳቸው ከኋላ በዝግታ ተከተልኩ። አልደከማቸውም። በኽምጣኛ ያወራሉ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ምን እንደሚባባሉ አልገባኝም። ከሚሉት ሁሉ የለየሁት አንዲት ቃል ነች፤ በኽምጣኛ ስም ስለሌላት እንዳለች ነው የሚጠሯት። “ቲታኒየም” ይላሉ፤ ከዚያ ቆም ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ።